ሁለተኛዋ ነጥብ የት ገባች?

የእሁዱ የተራራ መንገድ ነገር ዛሬ ረቡዕም አልበረደልኝም። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ልተንፍስ፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ጣሊያን፣ ጄኖቫ ባዳንቴ ነኝ፤ እዚያው ቤት እያደርኩ አንዲት የ91 ዓመት ሲኞራ እንከባከባለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ የእኔ ናቸው። ሐሙስን ገንዘብ መላክ፣ ወረቀት ማስጨረስና ወረፋ ይበሉታል፤ የምትቀረኝ እሁድ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ቅዳሴ ያልሄድኩ ጊዜ ከባልንጀራዬ ጋር ተራራ ላይ ነው የማሳልፋት። «አውሮፓ ገብተሽ ደግሞ ዳገት?» ብላኛለች እናቴ። ሳምንቱን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ኪኒን ሲቆጥር የከረመ ሰው ሰማይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው በስልክ አይነገርም።

አገሩ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጄኖቫ ያለችበት ክልል ሊጉሪያ ሜዳ አታውቅም፤ ተራራው ቀጥ ብሎ ይወርድና እግሩን ባህር ውስጥ ይነክራል። አስፋልቱና ባቡሩ ሳይመጡ ሰውም በቅሎም ከመንደር መንደር የሚሄደው በእነዚሁ የእግር መንገዶች ነበር። ከተማው ውስጥ ሳይቀር «ክሮይዛ» የሚሉት ቀጭን መንገድ አለ፤ መሀሉ ቀይ ጡብ፣ ግራ ቀኙ ድንጋይ፣ በግንብና በግንብ መካከል ሽቅብ የሚወጣ። ከበላይ ደግሞ አልታ ቪያ የሚባል ረጅም የእግር መንገድ አለ፤ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ከቬንቲሚሊያ ተነስቶ የተራራውን ጀርባ ይዞ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መንገድስ ሞልቷል። የጠፋው ለመንገደኛ በጊዜው የሚናገር ሰው ነው።

ምልክቱን እዩልኝ እስቲ። ብዙው የጣሊያን ተራራ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ቁጥር ይጻፋል፣ አለቀ። ሊጉሪያ ግን ብዙ ቦታ የራሷ ጣጣ አላት፤ አንድ ቀይ ነጥብ፣ ሁለት ቀይ ነጥብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ መስቀል፣ ኤክስ። ድንጋይ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ የሰው አጥር ላይ። የሒሳብ አስተማሪ ቀለም ይዞ ያበደ ነው የሚመስለው። ቦርዱ ላይ ርቀት ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም፤ የሚጻፈው ሰዓት ነው። «2 ሰዓት» ይላል። የማን 2 ሰዓት? የፍየል? ባልንጀራዬ አንዴ ቦርዱን አየችና «ይሄ በእኛ ነው በእነሱ አቆጣጠር?» አለችኝ። እስካሁን መቀለዷን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ታዋቂው ጋ ለምን አትሄዱም?» እንዳትሉኝ፤ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉት አምስቱ የባህር ዳርቻ መንደሮችም ሄጃለሁ። ከሪዮማጆሬ ማናሮላ የሚወስደው «የፍቅር መንገድ» አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ድንጋይ ተንዶ ሰው አቆሰለና ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! መዘጋቱ ይገባኛል፣ ኧረ በደንብ ይገባኛል። ኮንሶን ያየ ሰው ያን ዳገት ሲያይ አይደነግጥም፤ ያለ ሲሚንቶ በተካበ የድንጋይ እርከን ነው የቆመው። ወይን የሚተክለው ገበሬ ጥሎ ሲሄድ ካቡን የሚጠግን ይጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣ እርከኑ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። የማይገባኝ ሌላ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዱን መንገድ ለመሄድ የባቡር ከፍዬ፣ የፓርኩን መግቢያ ካርድ ገዝቼ፣ አንድ ሰዓት ወጥቼ፣ «ተዘግቷል» የሚለውን ወረቀት ያገኘሁት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ወገን፣ ወረቀቱ ከታች ቢለጠፍ ሙጫው አይይዝም ነበር? የፍቅር መንገዱስ በ2024 ሲከፈት ለእንግዳ ከካርዱ ሌላ 10 ዩሮ ተደረገ፤ ባል ሳይኖረኝ ነው የምከፍለው። በነጠላ ጫማ ለሚሄድ ደግሞ ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ቅጣት አለ ብለው በ2019 አስጠንቅቀዋል፤ ይሄኛውስ ደግ አደረጉ።

የአሳማውንማ ተዉት። በ2022 መጀመሪያ የዱር አሳማ በሽታ ገባ ተብሎ ከጄኖቫ ጀርባ ያለው ጫካ ለወራት ለእግረኛ ተከለከለ። ስሙ «የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት»። አፍሪካዊቷም ቤት ዋለች፣ አሳማዎቹ ግን ከተማ እየወረዱ ቆሻሻ ገንዳ ይገለብጡ ነበር።

ወደ እሁዱ ልመለስ። ጠዋት በባቡር ካሞሊ የምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ወረድን። እቅዳችን ደረጃውን ወጥተን ሳን ሮኮ መንደር፣ ከዚያ በጫካው ሳን ፍሩቱዎዞ፣ ከዚያ በጀልባ መመለስ። ሳን ፍሩቱዎዞ መኪና የማይገባበት የባህር ዳር ጥንታዊ ገዳም ነው፤ በእግር ወይ በጀልባ ካልሆነ አይደረስም። ከሳን ሮኮ ወደዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንድ ነጥብ የተቀባው ከላይ በጫካው ያልፋል፣ ዳገት ቢሆንም ለሰው ልጅ ነው። ሁለት ነጥብ የተቀባው ባህሩን ተከትሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ምሽግ በኩል ይሄዳል። ስሙ «ባተሪዬ» ነው፤ የእጅ ባትሪ እንዳይመስላችሁ። ገደሉ ላይ ሰንሰለት ተይዞ የሚታለፍ ቦታ ስላለው ልምድ ላለው ብቻ ይባላል። እኛ አንድ ነጥቡን ነው የፈለግነው። መንታ መንገዱ ጋ ደረስን፣ ድንጋዩን አየን፣ አንድ ቀይ ነጥብ። እሰይ ብለን ገባን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ምሽጉን አየሁ። «አንቺ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ፎቶ አንሺኝ» አለችኝ። ፎቶ አነሳኋት። ቀጥሎ ሰንሰለቱ መጣ።

አለቱ እርጥብ፣ ከታች ባህሩ ይንቦጫቦጫል፣ ሰንሰለቱ የስንቱ ሰው እጅ እንዳሻሸው እንጃ ያብረቀርቃል። ከኋላችን ሰዎች ተሰልፈዋል፤ መመለስም ነውር ሆነ። ባልንጀራዬ ገብርኤልን በሙሉ ድምፅ ጠራችው። ከኋላ ያለው ጀርመናዊ ዘፈን መስሎት ነው መሰለኝ አጨበጨበላት። እኔ አልጮህኩም፤ የማስበው የሲኞራዬን የማታ ኪኒን ነበር፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ተርፈን ወረድን። ገዳሙ ያምራል፣ ውኃው ያምራል፣ ሁሉም ያምራል፤ እኔ ግን የማየው ጀልባውን ነው። ጀልባ የለም። መቆሚያው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት «ማሬ ሞሶ» ይላል፤ ባህሩ ተናውጧል። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ በታንኳ ጣናን ሲያቋርጡ እያየሁ ያደግሁ፤ ይሄ ምን ማዕበል አለው? ትኬት የምትሸጠዋ ልጅ መቆሚያው ትንሽ ስለሆነ ውኃው ሲያነሳና ሲያወርድ ጀልባው መጠጋት እንደማይችል አስረዳችኝ። እሺ፣ ይሁን። መቼ ታወቀ? «ከጠዋት ጀምሮ።» ከጠዋት! ታዲያ ያንን ወረቀት ካሞሊ ባቡር ጣቢያ ብትለጥፉት፣ እኔ የምነሳበት ቦታ? መውጫ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ «መውጫ የለም» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት መረጃ ነው?

በአንድ እፍኝ ቆሎና ፎካቻ በሚሉት አንድ ጠፍጣፋ ዳቦ ጉልበት ከ400 ሜትር በላይ ተመልሰን ወጣን። በትክክለኛው፣ በአንድ ነጥቡ። ነጥቡ ደግሞ በየአሥር እርምጃው ፍንትው ብሎ ተቀብቷል፤ ሲፈልጉት እንዲህ አይሆንም።

ሊመሽ ሲል ሳን ሮኮ ደረስን። ባልንጀራዬ «ባቡር ያመልጠናል» እያለች እኔ መንታው ጋ ተመለስኩ። ያንን ድንጋይ ሳላየው አልሄድም። በስልኬ መብራት ተጠግቼ አየሁት። ከቀዩ ነጥብ አጠገብ የሳንቲም ስፋት ያላት ሐመር ሮዝ ምልክት አለች። ግማሿን የድንጋይ ሽበት አልብሷታል፣ ግማሿን ዝናብ አጥቧታል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት ቀይ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ሁለተኛዋ ነጥብ! ነፍሴን በሰንሰለት ያንጠለጠለቻት እሷ ናት።

ባቡሩ አመለጠን። ቤት የገባሁት 40 ደቂቃ አሳልፌ ነው። የሲኞራ ልጅ ካፖርቷን ለብሳ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሲኞራዬ ግን አልተኛችም። «በልተሻል?» አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት እስክታስል ሳቀች፤ በልጅነቷ ያንኑ መንገድ በቀሚስ ትሄድበት ነበር አሉ።

ባልንጀራዬ ዛሬ ጠዋት «እሁድ ሦስት ማዕዘኑን እንሞክር?» ብላ ጽፋልኛለች። እሺ ብያታለሁ፤ ግን መጀመሪያ በሳን ሮኮ በኩል ነው የምናልፈው። የጥፍር ቀለም ገዝቻለሁ፣ ቀይ፣ ውኃ የማያስለቅቀውን።