ጠፋ እና ተፋ

በሲያትል በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በክርስትናም ሆነ በልደት ግብዣ ላይ ከወላጆች ደጋግሜ የሰማሁት አባባል «ደሙ ነው፤ ሲያድግ አማርኛው ይመጣለታል» የሚል ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ እምነት እንግዳ አይደለም፤ እኔ ግን አማርኛን ከልጆቻችን አፍ የሚነጥቀው ይኸው እምነት ነው እላለሁ።

የጎረቤቶቼ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ ወላጆቹ ሁለቱም ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንድ ቀን «ጫማዬ ተፋ» እያለ ሲያለቅስ አገኘሁት። ጠፋ ማለቱ ነበር።

ሕፃን ሲወለድ የዓለምን ቋንቋዎች ድምፆች የመለየት ችሎታ ይዞ ይመጣል፤ ይህን ስጦታ የጎንደሬም ሆነ የቻይናዊ ልጅ እኩል ያገኘዋል። አንደኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲቃረብ ግን ጆሮው ዘወትር ለሚሰማው ቋንቋ እየሰላ፣ ለማይሰማው እየደነዘዘ ይሄዳል። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» መለየት በእንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ እንግሊዝኛ ብቻ በሚሰማበት መዋያ የሚያድግ ልጅ ለእነዚህ ድምፆች ጆሮውን የሚያሠለጥንበት ዕድል የለውም። ኋላ ላይ መማር ይቻላል፤ ድካሙ ግን የትየለሌ ነው።

እዚሁ ሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት፣ ማንዳሪን የተባለውን የቻይና ቋንቋ የሚናገር ሰው እያጫወታቸውና መጽሐፍ እያነበበላቸው፣ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ ያህል አብሯቸው ሲያሳልፍ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቴሌቪዥን የተመለከቱት ግን ምንም አልተማሩም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት «አማርኛ ይልመድ» ብላ በታብሌት የሕፃናት መዝሙር ስትከፍትለት ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሐሳቧ ቀና ነው፣ ልጁ የሚሻው ግን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያወራውን ሰው ነው። እኛን እናቶቻችን አዝለው «እሹሩሩ» ሲሉን፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ገብቶ ሲያባብለን፣ ትምህርት መሆኑን ማንም አላሰበውም ነበር።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰነበትኩ። የሁለት ዓመቷ ሕፃን ሳሎን ውስጥ በስልክ የእንግሊዝኛ ካርቱን ትመለከት ነበር፤ ወላጆቿም እንግሊዝኛ ቀድማ እንድትለምድ በማሰብ ነው። አያቷ አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ካርቱኑን እንዳይረብሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያናግሩኝ።