ከአሚሽ መንደር ለሚወጣ ወጣት ወረቀቱን ስጡት

አሚሾች በአሜሪካ ገጠር፣ ከዘመናዊው ኑሮ ርቀው በየመንደራቸው የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአሚሽ ወላጆች ፈረደላቸው። በዊስኮንሲን ግዛት የሚኖሩ ሦስት አባቶች ልጆቻችንን ከ8ኛ ክፍል በላይ አናስተምርም ብለው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጥተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ የእምነት ነፃነታቸውን ይጥሳል አለ። ከዚያ ወዲህ የአሚሽ ልጅ ከ8ኛ ክፍል በኋላ ወደ እርሻው ወይም ወደ አናጺ ቤቱ ይገባል።

ከዳኞቹ አንዱ፣ ዊሊያም ዳግላስ፣ ውሳኔውን በከፊል ተቃወሙ። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው? ነበር ክርክራቸው። ፍርድ ቤት ቀርባ ቃሏን የሰጠችው ከልጆቹ አንዷ ብቻ ናት። ልጁ ፒያኖ ተጫዋች ወይም ጠፈርተኛ መሆን ቢፈልግስ አሉ። ከ50 ዓመት በኋላም እኔ ከዳግላስ ጋር ነኝ።

አሚሾችን ግን ከልቤ አከብራቸዋለሁ። የአንዱ ጎተራ ቢቃጠል መንደሩ በሙሉ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። አያቶች በልጆቻቸው ቤት አጠገብ ቤት ተሠርቶላቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያረጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በፔንሲልቬንያ ላንካስተር ካውንቲ አንድ ታጣቂ የአሚሾች ትምህርት ቤት ገብቶ አምስት ሴት ልጆችን ገደለ። አሚሾቹ የገዳዩን ቤተሰብ ለማጽናናት ቀን እንኳን አላሳደሩም። ይህ ሕዝብ ዛሬ ከ400 ሺህ በላይ ሆኗል፤ በየ20 ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከሚወለዱት ልጆች 85 ከመቶ ያህሉ እዚያው ይቀራሉ። አብዛኞቹ የሚቀሩት ወደውት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔን የሚያሳስቡኝ የሚወጡት ናቸው።

የአሚሽ እምነት መሠረቱ ምርጫ ነው። ሕፃን አይጠመቅም። ሰው አድጎ፣ አስቦ፣ በራሱ አፍ እሺ ሲል ይጠመቃል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ስንቶቹ ቅድመ አያቶቻቸው የተገደሉት ለዚህ እምነት ነው። (የኛዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ቤተሰብ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ሜኖናይቶች ከአሚሾች ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።) ስለዚህ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ራምስፕሪንጋ የሚሉት ጊዜ ይመጣል። የወላጅ ቁጥጥር ይላላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይወጣል። ቴሌቪዥን ይህን ጊዜ የመጠጥና የጭፈራ አድርጎ ያሳየናል። ለብዙዎቹ ግን የእሑድ ማታ የመዝሙር ጉባኤና የትዳር ጓደኛ መፈለጊያ ነው። ከዚያ በ18 እና በ22 ዓመት መካከል አብዛኞቹ ይጠመቃሉ።

ሳይጠመቅ የወጣ በሕጋቸው አይገለልም። ቤተሰቡን መጠየቅ ይችላል። ተጠምቆ የወጣው ግን ቃሉን አፍርሷልና ይገለላል። ጠበቅ ባሉት መንደሮች ከእናቱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፣ ከእጁም ዕቃ አይቀበሉም። ይህ ልቤን ይሰብረዋል። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ መንግሥት እናትን ልጅሽን አብዪ ብሎ ሊያዛት አይችልም።

ወረቀቱ ግን የመንግሥት ነው።

አሜሪካ የገባ ሐበሻ የመጀመሪያ ሳምንታት ሩጫው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሶሻል (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ማውጣት፣ መታወቂያ ማውጣት፣ መንጃ ፈቃድ። ከአሚሽ መንደር የሚወጣው ወጣትም፣ አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ተወልደው፣ ልክ እንደ አዲስ ስደተኛ ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንዴም ከስደተኛው ይብስበታል። አሚሾች እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) ግብር ነፃ ስለሆኑ ብዙ ልጆች ቁጥሩን ሳያወጡ ያድጋሉ። ብዙዎቹ የሚወለዱት ቤት ውስጥ፣ በአዋላጅ እጅ ነው። የልደት ሰርተፍኬት ቢኖርም ወላጆቹ ጋ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ተጣልቶ ነው የወጣው። ፎቶ መነሳት በእምነታቸው ስለማይወደድ ፎቶ ያለበት ወረቀትም የለውም። ሶሻል ሲጠይቅ መታወቂያ አምጣ ይሉታል። መታወቂያ ሲጠይቅ ሶሻልህ የታል ይሉታል።

ወረቀት የሌለው ልጅ የት ይቀጠራል? ጥሬ ገንዘብ በእጅ ከሚከፍል ቀጣሪ ዘንድ ነዋ፣ ጣሪያ ላይ፣ ያለ ኢንሹራንስ። ወንዱ ቢያንስ አናጺነት ያውቃል። ልብስ መስፋትና ልጅ ማሳደግ የተማረችው እህቱስ? እሷ ሰው ቤት ተቀጥራ ማደሪያዋም እንጀራዋም በአንድ ሰው እጅ ይወድቃል። ወደ መንደሩ የሚመለሱት ሁሉ እምነታቸው ናፍቋቸው ነው ማለት ይከብደኛል። መውጫ አጥተው የሚመለሱም አሉ። በዚህ ዓይነት የተመለሰ ሰው ጥምቀቱ በራሱ ፈቃድ ነው ይባላል? አሚሾቹ ራሳቸው ሊያስቡበት የሚገባ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ቅድመ አያቶቻቸው የሞቱት ለዚህ ነውና።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፍርዱ ይሻር አልልም። መንግሥት በ1972 ለወላጆቹ መብት ሲሰጥ ለልጁ የነፈገውን ይመልስለት። ለ18 ዓመት ወጣት የአዋላጇ ወይም የአስተማሪው ምስክርነት እንደ ማስረጃ ይቆጠርለት። ጂኢዲ (ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ጋር የሚቆጠረውን ፈተና) ለመፈተን የሚያበቃ የማታ ትምህርት በነፃ ይከፈትለት። ከአሚሾቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና ነው። እነዚህ ሦስት ግዛቶች ብቻ ቢጀምሩት ብዙው ወጣት ይዳረሳል።