ችግሩ ከስልክህ ነው

ሰው ምስጋና ቢስ ነው። የአዲስ አበባ የቴሌግራም ነጋዴ ቀን ከሌት ለፍቶ፣ ፎቶ ለጥፎ፣ ዕቃውን በሞተር ደጃችን ድረስ ይልክልናል። እኛ ደግሞ «ከለሩ ልክ አይደለም» ብለን እናኮርፋለን።

ለመሆኑ ከለር ልክ ሆኖ የሚገኝበት ዘመን ምን ጣዕም ነበረው? መርካቶ ትሄዳለህ። ጨርቁን በእጅህ ትዳስሳለህ። ከሱቁ ይዘህ ወጥተህ በፀሐይ ታየዋለህ። ተከራክረህ ትገዛለህ። ቤት ገብተህ ስትፈታው ያው ያየኸው ጨርቅ ነው። ልብ የሚሰቅል ነገር የለውም።

አሁን፣ ዕድሜ ለእነሱ፣ ፌስታል መፍታት እንደ ሎተሪ ሆኗል። ቦርዶ መጋረጃ ያዘዘ ሮዝ ይደርሰዋል። ወይን ጠጅ ያዘዘች ቡኒ ትቀበላለች። ቡኒ ያዘዘው ሰው ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ምናልባት ወይን ጠጁን ይዞ የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

ሰኔ ሲመጣ የምርቃት ስጦታ ይደራል። የተመራቂው ስም የተቀረጸበት ብዕር በእንጨት ሳጥን፣ ከነሪባኑ። እኔም ለእህቴ ልጅ አንድ አዘዝኩ፤ ቀለም የሚሞላውን ዓይነት። በፎቶው ላይ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ነው፣ ክሊፑ ወርቃማ። የመጣው ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ክሊፑም ብርማ። የልጁ ስም ግን አንድ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል። ስም የተጻፈበት ዕቃ ደግሞ አይመለስም። አርቆ አሳቢነት ማለት ይሄ ነው!

ለማንኛውም ጻፍኩ።

«ሰላም፣ ብዕሩ ከፎቶው ጋር ይለያያል።»

«እንዴት የኔ ወንድም? እንደ ፎቶው ነው እኮ።»

«ፎቶው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነው።»

«ስልክህ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ በድምፅ መለሰልኝ፤ የሐዘን ድምፅ ነው። «አይ፣ እሱ ስልክ ከለር ያጠቁራል። ችግሩ ከስልክህ ነው።»

«ወርቃማው ክሊፕስ?»

«እሱ የመብራት ነጸብራቅ ነው፣ ቤተሰብ።»

ስልኬ በነጻ ተመረመረልኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ለምርመራው ብቻ ያስከፍሉኝ ነበር። በዚያ ላይ ቤተሰብ ተባልኩ። የሥጋ ዘመዶቼ እንኳ እንዲህ ቶሎ አይመልሱልኝም።

ደግሞ ውሸቱን አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። የስልክ ካሜራ ነጭ የቱ እንደሆነ በራሱ ይገምታል። ቢጫ አምፖል ሥር ሲሆን ሰማያዊ ይጨምራል፣ ጥላ ውስጥ ሲሆን ቢጫ ይጨምራል። ሲሳሳት ሙሉ ፎቶው አብሮት ይሳሳታል። ስክሪኑም ከስክሪን ይለያል፤ አንዱ ያደምቃል፣ ሌላው ያፈዝዛል። ማታ ማታ ዓይን እንዳይጎዳ ተብሎ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚቀይረውን ያበራ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያዝ እግዜር ይወቅ። አንዳንድ አረንጓዴና ሰማያዊ መሐል ያሉ ደማቅ ቀለሞችን እንደውም ተራ ስክሪን ጨርሶ ሊያሳያቸው አይችልም። ብዕር ሠሪዎችም ይቸገሩበታል፤ አካሉ ከተለያየ ቀለም ከተደባለቀ ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) ሲሠራ መስመሩ በየፍሬው ይለያያል፣ የፎቶውን ወንድም እንጂ የፎቶውን አታገኝም።

በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ዓለም በአንድ ቀሚስ የተጣላበትን ታስታውሱ ይሆናል። በስኮትላንድ ለነበረ ሰርግ የሙሽራዋ እናት ያነሱት ፎቶ ነው። ግማሹ ሰው ነጭና ወርቃማ ነው አለ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር ነው አለ። ባልና ሚስት ተከራከረ። እውነቱ ሰማያዊና ጥቁር ነበር። ያኔ ሠሪው ድርጅት ምን አደረገ? ሰው አየሁ ያለውን ነጭና ወርቃማ ቀሚስ አንድ ፍሬ ብቻ ሰፍቶ ለበጎ አድራጎት ጨረታ አቀረበው። ፈረንጅ ያችን አንዲት ቀሚስ እንደ ትልቅ ነገር ነበር ያወራላት። የእኛዎቹ ግን ሰው ያላዘዘውን ከለር በየቀኑ ያቀርባሉ፣ ያውም ሳያወሩለት።

የአንድ ጫማ ፎቶ ጉዞ ራሱ አድናቆት ይገባዋል። ከቻይና የጅምላ ድረ ገጽ ይነሳል። የመጀመሪያው ቻናል ስሙን ይጽፍበታል። ሁለተኛው ያንን ስም በአበባ ስቲከር ሸፍኖ የራሱን ይጽፋል። ሦስተኛው አበባውን በልብ ይሸፍናል። እኛ ጋ ሲደርስ ከጫማው የሚታየው ተረከዙ ብቻ ነው። ከሥሩ ግን በድፍረት «100% እንደ ፎቶው» ይላል። እውነት ነው፤ ተረከዝ አለው።

ሕግ አለ የሚሉ ነገር አካባጆችም አሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የማስታወቂያ አዋጁም፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። ጥሩ። ግን የትኛውን ሱቅ ነው የምትከሰው? አድራሻው «ቦሌ፣ ስትደርሱ ደውሉ» ነው። ስትደርስ ደግሞ ስልኩ አይነሳም፣ ምናልባት እሱም ከስልክህ ይሆናል።

ለነገሩ ገዢውም ቀላል አይደለም፤ ምስጋናው ይድረሰው። አንዲት የማውቃት ልጅ ለሠርግ የወይራ አረንጓዴ ቀሚስ አዘዘች። የመጣው የሰናፍጭ ቢጫ ነው። አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ የከፈለችበትን ደረሰኝ በስክሪንሾት ለጓደኞቿ ላከች። የሠርጉ ቀን ሲደርስ ሌላ ስላልነበራት ለበሰችው። ፎቶ ተነሳች። ከመለጠፏ በፊት ፊልተር ነካ ነካ አደረገችበት፤ ፊቷ ጠራ፣ ወገቧ ቀጠነ፣ ቀሚሱም አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ያለ አረንጓዴ!

ነጋዴው ፎቶውን አየው። ወዲያው ወሰደና ስሙን ጽፎበት ቻናሉ ላይ ለጠፈው፦ «ደንበኞቻችን ይመስክሩ፣ እንደ ፎቶው!» ልጅቷ ራሷ ልብ ሰጠችው። ከሥር አርባ ሰው «ዋጋ?» እያለ ተሰልፏል። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ ቤተሰብ።»