ለነዋሪዎች ውይይት መድረክ፦ እጄን መልስልኝ

ለተከበርከው የነዋሪዎች ውይይት መድረክ
ባለህበት

ጉዳዩ፦ እጄ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከቅዳሜ ወዲህ ደህና አይደለሁም።

ሐሙስ ማታ በድምፅ ማጉያ «የቆሻሻ ገንዳው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ቅዳሜ 2 ሰዓት እንወያያለን፣ መቅረት ያስጠይቃል» ስትል ደስ አለኝ። ሞኝ አይደለሁ? ቅዳሜ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ገንዳው በሬ ላይ ቁጭ ብሏል። ከነዝንቡ። አፍንጫዬን ይዤ አለፍኩትና ገንዳው የት ይቀመጥ ብዬ ልወያይ መጣሁ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርክ። ለመድረኩ ሃይላንድ ውሃ፣ ለእኛ ፀሐይ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ብቻ በሰዓቱ ደርሷል፤ እሱ አርፍዶ አያውቅም። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ገንዳን የማያነሳ ሪፖርት፣ ከዚያ ያ ሁሌ መጀመሪያ የሚነሳው ሰውዬ፤ ዕድሉ ስለተሰጠው ሲያመሰግን ዕድሉ አለቀ። እኔ እጄን እንዳወጣሁ 40 ደቂቃ ቆየሁ፣ ሲዝል በግራዬ ደገፍኩት። መሪው አንዴ አየኝና «ሰዓት ስለገፋን እዚህ ላይ እናብቃ» አለ። ቀድሞ የተተየበ የአቋም መግለጫም ተነበበ።

ማታ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞልኝ መጣ። ፎቶ ነው። እኔ ነኝ፤ እጄን ሰቅዬ፣ አፌን ከፍቼ። ከሥሩ «ነዋሪዎች የገንዳውን ቦታ በሙሉ ድምፅ ሲያፀድቁ» ይላል።

ጥያቄ ልጠይቅ ያወጣሁት እጅ ነው እኮ! አሁን ከላይኛው መንደር ሳይቀር ፌስታል እያንጠለጠለ የሚመጣው ሁሉ፣ ምነው ስለው፣ «አንተ አይደለህ እንዴ እጅህን ያወጣኸው?» ይለኛል። ባለቤቴም ብላኛለች።

የኮብልስቶኑን መዋጮ «በፈቃዳችን» ያስባልከንን ትቼዋለሁ። አባቴም ቀበሌ ከተቋቋመበት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያጨበጭብልህ ኖሯል፤ ያወረሰኝ መዳፉን ነው። ሕገ መንግሥቱስ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰባችንን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችንን እንድንሰጥ የመጠየቅ መብት አለን ይል የለ? አንተ ጠይቀኸናል። መልሱን ማን ይስማ የሚለው ይመስለኛል የተምታታብህ።

እድራችን ድንኳን ሊገዛ ሦስት እሑድ ተጨቃጨቅን። ሰብሳቢው ሁለቴ «ለቀቅኩ» ብሎ ተነሣ፣ ሁለቴም ተለምኖ ተቀመጠ። በመጨረሻ በሁለት ድምፅ ብልጫ አረንጓዴው ተመረጠ። እኔ ሰማያዊ ብዬ ተሸንፌያለሁ። እጄን ግን ማንም አልወሰደብኝም።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ። ከጎኔ ያሉት እማማ አስም አለባቸው። መስኮታቸው ከገንዳው አራት እርምጃ ነው። ከዘራቸውን ይዘው ከሁላችንም ቀድመው መጥተው፣ እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ። ስማቸው ግን ወረቀቱ ላይ ስላለ ተስማምተዋል። ይሄ ማላገጥ ነው። የማትሰሙን ከሆነ አትጥሩን! ወስናችሁ ከጨረሳችሁ ወስነናል በሉንና እቤታችን እንናደድ።

ይቅርታ፣ ሰዓት ገፋሁብህ መሰለኝ።

የሚቀጥለው ጥሪህ ዛሬ ጠዋት በበሩ ሥር ገብቷል። አጀንዳው ያለፈው ውይይት ውጤታማነት ነው። መቅረት ስለሚያስጠይቅ እመጣለሁ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።

ከሰላምታ ጋር
በሙሉ ድምፅ ያፀደቀው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለገንዳው (በሬ ላይ ስለሆነ በእጅ ሰጥቼዋለሁ)