ለግቢያችን ፍልፈል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር አቶ ፍልፈል
ባሉበት (ምናልባት ድንቹ ሥር)

ጉዳዩ፦ ስለ ካሮቱ፣ ስለ ኮብልስቶኑ እና ስለ አማቴ ሳል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም። በእኔ ካሮት ተጠብቆ እንዳለ አውቃለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ የላይኛው ነዋሪ ነኝ። በማዕረግ ማለቴ አይደለም፤ በማዕረግ ማን በላይ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የከተማው ጫጫታ ሰልችቶኝ፣ ንጹሕ አየር ብዬ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ የገባሁ ሰው ነኝ። ካርታው በስሜ ነው። ግብሩንም የምከፍለው እኔው ነኝ። እርስዎ ግን ከሥሬ ያለ ፈቃድ ምድር ቤት ሠርተዋል። ለእኔ አጥር እንኳ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ መሰለዎት!

ክረምቱን በትዕግሥት አሳለፍኩ። በዝናብ ቀለም አይቀባ፣ ግድግዳ አይለሰን። የጠየቅኩት ባለሙያ ሁሉ «መስቀል ይለፍ» አለኝ። መስቀል አለፈ። ፀሐይ ወጣች። እኔም ጽጌረዳ ተከልኩ፣ ለድንችና ለካሮት መደብ አወጣሁ፣ ከበሩ እስከ በረንዳው ኮብልስቶን አስነጠፍኩ። እርስዎም ሥራ ጀመሩ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። የአበባ ወቅት ማለት ነው። ጾሙ የፈቃድ ስለሆነ እርስዎ አለመፍቀድዎን አልቃወምም። ግን አንድ ቀን ጠዋት ጽጌረዳዬ ዘንበል ብላ አገኘኋት። ላቃናት ያዝ ሳደርጋት እጄ ላይ ቀረች። ሥር የሚባል ነገር የለም። ለስንት ቀን አበባ ያጠጣሁ መስሎኝ፣ ለካ መሬት ላይ የተሰካ እንጨት ነው ሳጠጣ የከረምኩት።

ድንቹማ አይነሣ። ቅጠሉን ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ሥሩን እርስዎ ይጨርሱታል። ተማክራችሁ ነው? ተረቱ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል እንጂ አንድ ጆንያ ድንች አይልም።

ኮብልስቶኑ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ሰምጦ ግማሹ ቀና ብሎ ተገኘ። ግንበኛውን ጠርቼ አሳየሁት። ቁጢጥ ብሎ አየና «ፍልፈል ነው፤ የእኔ ሥራ እንከን የለውም» አለኝ። ገረጋንቲ ሳይሞላ፣ ሳይጠቀጥቅ፣ አሸዋ በትኖ መደርደሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ እርስዎ ቀርበው አይመሰክሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰበብ ሆነውላቸዋል። ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ፍልፈል። በሩ አልገጥም አለ፣ ፍልፈል። አሸንዳው ሲያፈስ እንኳ «ከሥር ፍልፈል ስላለ ቤቱ ዘሞ ነው» ያለኝ ባለሙያ አለ። ጣሪያ ላይ ቆሞ ነው ይህን የተናገረው።

አሁን ወደ ኅዳር 12 ልምጣ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት ቀን መሆኑን ጭሱ ሳይደርስዎት አይቀርም። ሰው ሁሉ ሲያጥን እኔም ላጥን አልኩ። ደረቅ ቅጠል፣ እበት፣ ከላዩ አንድ እፍኝ በርበሬ። ቀዳዳዎ አፍ ላይ ለኩሼ በካርቶን አራገብኩ። ጭሱ ሙልጭ ብሎ ገባ። ደስታዬን አይጠይቁኝ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ሳል ተሰማ። ለካ መንገድዎ ቧንቧ ሠራተኛው ከፍቶ ከተወው ቦይ ጋር ይገናኛል፤ ቦዩ ደግሞ በረንዳው ሥር ነው የሚያልቀው። በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቴ ናቸው። ለሚካኤል ጠበል ጻዲቅ የመጡ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ልጄ፣ የሚታጠነው ቆሻሻ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። አንተ የማትረባ... ይቅርታ። እርስዎ ግን በማግስቱ አዲስ የአፈር ቁልል በረንዳው ፊት ለፊት አቆሙ።

ጎረቤታችን የሆኑ አባት ሲበቃቸው ምክር ሰጡኝ። «ቀዳዳውን ክፈትና ዱላ ይዘህ ቁም። ነፋስ ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል።» ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጋቢዬን ተከናንቤ ቆምኩ። እውነትም መጡ። መጀመሪያ አፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ እነዚያ ቢጫ ጥርሶችዎ ብቅ አሉ። ገፋ፣ ገፋ፣ ጠቅጠቅ። ተደፈነ። አለቀ። ዱላው እጄ ላይ ቀረ።

ለምን አልመታሁም? እውነቱን ልንገርዎ። እኔ ግቢ ውስጥ የተከፈተ ጉድጓድ በዕለቱ ሲደፈን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ያንን ቦይ ጥቅምት 3 ከፈተ። «ነገ መጥቼ እደፍነዋለሁ» ብሎ ቀብዱን ተቀበለ። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ከበረንዳ ለመውረድ ሳንቃ ላይ እንደ ሰርከስ ልጅ እየሄድን ነው። እርስዎ ከመሬት በታች ማደሪያ አለዎት፣ ጎተራ አለዎት፣ መጸዳጃ አለዎት። ሁሉንም በፊት ጥርስዎ ነው የሠሩት። «ሲሚንቶ ተወደደ» አላሉም፣ ለለቅሶ ብለው ሦስት ቀን አልጠፉም። የእኔ ሴፕቲክ ታንክ ዛሬም ቆርቆሮ የተከደነ ጉድጓድ ነው።

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። የጀመሩትን ከመሬት በታች ሥራ ትተው ይህን 14 ሜትር ቦይ ይድፈኑልኝ። የእጅ ዋጋ በካሮት እከፍላለሁ። ቀብዱንማ አስቀድመው ወስደዋል።

እምቢ ካሉም ዕድልዎን ያስቡበት። የባሌው ትልቁ ዘመድዎ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በዚያ ብርድ የሚኖረው ከቀይ ቀበሮ ጋር ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከእሱ ሥጋ የሚወደው የለም። እርስዎ ያለችብዎት የጎረቤት ድመት ብቻ ናት። እሷም ወተት ለምዳ ፀሐይ እየሞቀች ነው የምትውለው፤ ያውም እርስዎ የቆለሉት አፈር ላይ።

ከሰላምታ ጋር
የላይኛው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለጎረቤት ድመት
ለቧንቧ ሠራተኛው (ስልኩን ሲከፍት)