አንዷን ነጥብ መለየት

የደብረ ብርሃን ብርድ አላስወጣ ብሎን ቤት ተቀምጠናል። እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ፊዚክስ የሚማረው የእህቴ ልጅ ስለ ኳንተም ዶት ሲያወራን ቆየና «ግን ጋሼ፣ ይሄ የእኛ አገር ነገር አይደለም» አለኝ። ግማሹን እቀበለዋለሁ።

ኳንተም ዶት፣ በእኛ ቋንቋ «ነጥብ» እንበላት፣ ጥቂት ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ብቻ የምታክል የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ፣ ቅንጣት ናት። ጉዷ መጠኗ ላይ ነው። ከአንድ ዓይነት ነገር ተሠርተው ትንሿ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያለችው ቀይ ታበራለች። ሙንጂ ባዌንዲ፣ ሉዊስ ብሩስና አሌክሲ ኤኪሞቭ በዚህ ሥራ የ2023ን (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ወስደዋል።

ለቴሌቪዥን ስክሪን እልፍ ነጥብ ተደባልቆ ቢያበራ ችግር የለም። ሊጠለፍ የማይገባ መልእክት በብርሃን ለመላክ ግን ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ትንሿ ቅንጣት፣ አንድ በአንድ መውጣት አለበት። ለዚህ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ነጥብ ትፈለጋለች።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ጋሊየም አርሰናይድ በሚባል ሴሚኮንዳክተር ላይ ኢንዲየም አርሰናይድ የሚባል ሌላ ሲነጠፍ ነጥቦቹ በራሳቸው ይበቅላሉ። የሚበቅሉት ግን ደስ ባላቸው ቦታ ነው። መጀመሪያ አንዷ በማይክሮስኮፕ ትፈለጋለች፤ ከዚያ ብርሃኗን የሚሰበስበው ቅርጽ በዙሪያዋ ይቀረጻል። በጥቂት አሥር ናኖሜትር ከሳቱ ብርሃኑ ባክኖ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሁሉም የሚሠራው በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ። የእኛ ኅዳር ምን አላት!

አንድ መሆኗ የሚታወቅበት መንገድ ደስ ይለኛል። ብርሃኗን ግማሽ በሚያሳልፍ መስታወት ለሁለት መንገድ ይከፍሉታል፤ በየጫፉ ቆጣሪ ያስቀምጣሉ። አንድ ፎቶን ለሁለት አይሰነጠቅም። ስለዚህ ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ቅጽበት አይጮኹም። በአንድ ቅጽበት ከጮኹ ሌላ ነጥብ ተደብቃለች ማለት ነው።

ልጁ እውነት አለው፤ ነጥብ የሚያበቅለው ማሽን ለእኛ ሩቅ ነው። ተገዝቶ ከነማሸጊያው የከረመ ዕቃ በዓይኔ አይቻለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ማን ሂሊየም ይጠብቃል?

በብልቃጥ የሚሠራው ግን ሩቅ አይደለም። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድና ዩሪያ፣ አዎ ያ ማዳበሪያው፣ ከውኃ ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ሲሞቁ ካርቦን ዶት፣ ማለትም ከካርቦን የሆነ ነጥብ፣ ይሰጣሉ። የብር ኖት በሚፈተሽበት ዓይነት መብራት ሰማያዊ ያበራል። ከሴሚኮንዳክተሩ ጋር አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እጅ ግን ያፍታታል። ተማሪው ጠብታውን እያቀጠነ፣ እያቀጠነ፣ በሚሽከረከር መስታወት ላይ ያሰጣዋል። ነጥቦቹ እስኪራራቁ ድረስ። በፈሳሽ የሚሠሩት ነጥቦች በውጭ አገርም የሚለዩት እንዲህ ነው።

እኔ ብሆን የዩኒቨርሲቲውን ገንዘብ ትልቁ ማሽን ላይ አልጥልም። ፎቶን የሚቆጥሩ ሁለት ጥሩ ቆጣሪዎች እገዛበታለሁ።

ይህን ስለው ልጁ ትንሽ አሰበና «ዩሪያውን ከየት እናመጣለን?» አለ።

እናቴ ከሰፌዷ ቀና ሳትል መለሰች፦ «ጅሩ ያሉት ዘመዶችህ ጋ አይጠፋም።»