እርማት፦ 54.5 ማይል በጋሎን የእያንዳንዱ መኪና ግዴታ አልነበረም

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀችው የነዳጅ ቁጠባ ደንብ «እያንዳንዱ የ2025 ሞዴል መኪና በአንድ ጋሎን 54.5 ማይል እንዲሄድ ያስገድድ ስለነበር ፒካፕ ከገበያ ሊወጣ ነበር» የሚሉ አስተያየቶች በርክተዋል። ቁጥሩ ያለ ማብራሪያ ስለተነገረ መሳሳቱ አይገርምም።

ደንቡ ይመዝን የነበረው አንድን መኪና ለብቻው ሳይሆን አምራቹ በዓመቱ ለሽያጭ ያቀረባቸውን መኪኖች አማካይ ነበር፤ ዒላማውም በአራቱ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ይወሰን ስለነበር ከትልቅ ፒካፕ ይጠበቅ የነበረው ከትንሽ የቤት መኪና ያነሰ ነበር። 54.5 የሚለው ራሱ የመላው ኢንዱስትሪ አማካይ ግምት ሲሆን፣ የተሰላውም በቤተ ሙከራ ልኬት ስለሆነ በአዲስ መኪና መስኮት ላይ ከሚለጠፈው ቁጥር ከፍ ይላል። በ2011 ዕቅዱ ሲገለጽ 13 ትልልቅ አምራቾች የደገፉትም ይህን አሠራር ነው፤ ፒካፕ የሚያጠፋ ደንብ ቢሆን ኖሮ የፒካፕ ሻጮቹ እሺ ባላሉም ነበር።

ማረጋገጥ የሚሻ ሰው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ፣ ውጤቱን በደንቡ የዒላማ ቀመር ውስጥ ያስገባ። ይህን ሳያዩ «ሊከለከል ነው» ብሎ መኪና ለመግዛት መቸኮል ገንዘብን ያለ ምክንያት ማውጣት ነበር።